የእንግሊዝኛ ስም በደጋው ትምህርት ቤት፦ የስም ትምህርት ታሪክ ከበቆጂ ተማሪ አንጻር

መግቢያ

የሰዋስው ትምህርት ከሚጀመርባቸው አርእስት ሁሉ የስም ትምህርት እጅግ ቀላል መስሎ ይታያል። ስም ማለት የሰው፣ የቦታ ወይም የነገር መጠሪያ ነው የሚለውን ድንጋጌ በቃሉ ያላጠና ተማሪ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ይህንኑ ድንጋጌ ሳይሳሳት የሚያነበንበው ተማሪ ደብተሩ ላይ ስለ ሁለት ፈረሶች በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «ቱ ሆርስ» ብሎ የብዙ ቁጥሩን ምልክት ይዘነጋል፤ ስለ ፀሐይ ሲናገር «ሺ» ይላል፤ የሀገሩን ስም ሲጠራ በፊቱ «ዘ» ይጨምርበታል። ከዚህ የሚታየው የስምን ድንጋጌ ማወቅና በስም በትክክል መገልገል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው።

ጉዳዩ ከአንድ የሰዋስው ምዕራፍ የሚያልፍ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ሀገር የሒሳቡም፣ የሥነ ሕይወቱም፣ የታሪኩም ዕውቀት የሚጫነው በአብዛኛው በስሞች ላይ ነው። ስሙን ያልያዘ ተማሪ ትምህርቱን አልያዘም። በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝኛ ስም ትምህርት በኢትዮጵያ ያለፈበት መንገድ፣ በተለይም በአርሲ ደጋ በምትገኘው በበቆጂ ያለው ተማሪ ከሚናገራቸው ቋንቋዎች አንጻር ይመረመራል። በቆጂ ለምሳሌነት የተመረጠችበት ምክንያት ሦስት ቋንቋዎች፣ ይኸውም አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ፣ በአንድ ተማሪ አእምሮ ውስጥ የሚገናኙባት ከተማ ስለሆነች ነው።

1. «ስም» የሚለው ቃል

በኢትዮጵያ የሰዋስው ትምህርት ከዘመናዊ ትምህርት ቤት በፊት የቆየ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች «ሰዋስው» የሚለው የግዕዝ ቃል ትርጉሙ መሰላል ሲሆን፣ ስያሜው በግብጽ ቅብጣውያን ዘንድ በዐረብኛ መሰላል ተብሎ ከሚጠራው የቃላትና የሰዋስው መጽሐፍ ዓይነት ጋር የተያያዘ ነው። ተማሪው ደረጃ በደረጃ ወደ መጻሕፍት ምሥጢር የሚወጣበት ስለሆነ መሰላል መባሉ የተገባ ነው። በዚሁ ትምህርት ውስጥ ስምና ግስ ተለይተው የሚታወቁ ዐበይት ክፍሎች ነበሩ።

በአማርኛ «ስም» የሚለው ቃል ሰው የሚጠራበትንም የሰዋስው ክፍሉንም ያመለክታል። በአፋን ኦሮሞ «መቃ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ሁለቱን ትርጉሞች አንድ ላይ ይዟል። እንግሊዝኛ ግን የሰው መጠሪያውን «ኔም»፣ የሰዋስው ክፍሉን «ናውን» ብሎ ይለያቸዋል። ይህ ልዩነት በታሪክ የመጣ እንጂ ከመሠረቱ የነበረ አይደለም። «ናውን» የሚለው ቃል «ኖሜን» ከሚለው የላቲን ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ የላቲኑም ቃል ትርጉሙ ስም ማለት ነው። እንግዲህ መምህሩ «ናውን» ማለት «ስም» ወይም «መቃ» ማለት ነው ብሎ ሲያስተምር የቃሉን ጥንታዊ ትርጉም በቀጥታ ይሰጣል ማለት ነው።

የአማርኛ ስም በውጭ ሰዋስው መልክ የተብራራበት ጊዜም ሩቅ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረውን መሠረት አድርጎ የአማርኛን ሰዋስው በላቲን አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1698 አሳተመ። ከዚያም ካርል ኢዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1842 የአማርኛን ሰዋስው በእንግሊዝኛ ለንደን ላይ አወጣ። የአማርኛ ስም በእንግሊዝኛ የተብራራው እንግሊዝኛ በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤት ከመሰጠቱ ከ60 ዓመት በላይ ቀድሞ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። በአፋን ኦሮሞ በኩልም ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ያዘጋጁት የፊደል መማሪያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 በግዕዝ ፊደል ታትሟል።

2. እንግሊዝኛ ወደ ትምህርት ቤት የገባበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1908 በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብጽ በመጡ ቅብጣውያን መምህራን ሥራውን ሲጀምር እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ፣ ከኢጣልያንኛና ከዐረብኛ ጋር ይሰጥ ነበር። በዚያ ዘመን ግን ከሁሉ የበላይነት የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በአመዛኙ ወደ ፈረንሳይኛ ያዘነበለ ነበር። ከዚያ ዘመን ከቀሩት ምልክቶች አንዱ «ለገሃር» የሚለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስም ነው። በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ማለት «ጋር» ሲሆን፣ በፊቱ ያለችው «ላ» እንደ እንግሊዝኛው «ዘ» የታወቀ ነገርን የምታመለክት ደቂቅ ቃል ናት። ሰሚው ደቂቁን ከስሙ ስላልለየ ሁለቱ ተዋሕደው አንድ ስም ሆኑ። በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ከስሙ ፊት ተለይቶ የሚቆም እንዲህ ያለ ደቂቅ ስለሌለ ነገሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ዛሬም በክፍል ውስጥ የሚታየው ችግር ከዚሁ ምንጭ የሚቀዳ ነው።

በ1933 ዓ.ም. ሀገሪቱ ከፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ነፃ ከወጣች በኋላ ግን ሁኔታው ተለወጠ። በብሪታንያ መምህራንና መጻሕፍት ርዳታ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ያዘ። በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1943፣ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1946፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ተከፈቱ፤ በሁሉም የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር።

ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። እንግሊዝኛ ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እየተሰጠ፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም ትምህርት የሚሰጥበት ቋንቋ ሆነ። ይህ አደረጃጀት በመሠረቱ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ቆይቷል። በዚህ ሥርዓት የአርሲ ደጋ ልጅ በቤቱ አፋን ኦሮሞ እየተናገረ፣ በአማርኛ ፊደል ቈጥሮ፣ በአማርኛ ሒሳብና የኅብረተሰብ ትምህርት እየተማረ፣ በ3ኛ ክፍል ሦስተኛ ቋንቋ ይጀምር ነበር። ከአራት ዓመት በኋላም ያ ሦስተኛ ቋንቋ የትምህርቱ ሁሉ በር ይሆንበት ነበር።

3. በቆጂና አካባቢዋ

በቆጂ ከአሰላ በስተደቡብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ፣ በጭላሎና በካካ ተራሮች አካባቢ ትገኛለች፤ የሊሙና ቢልቢሎ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ተልባና ድንች የአካባቢው ምርቶች ናቸው፤ ፈረስም ለመጓጓዣና ለጭነት ዋና አገልጋይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ አሰላን ማእከል አድርጎ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለአውራጃው ገበሬዎች ማዳረስ ሲጀምር፣ ከአዲሶቹ መሣሪያዎች ጋር አዳዲስ ስሞችም ወደ ደጋው ገቡ። ትራክተር፣ ኮምባይነርና የመሳሰሉት ቃላት በገበሬው አንደበት የተለመዱት ልጆቹ እንግሊዝኛ በክፍል ከመጀመራቸው በፊት ነው። እነዚህም ስሞች ወደ አማርኛ ሲገቡ ወዲያው የአማርኛን የብዙ ቁጥር ምልክት ተቀብለው ትራክተሮች፣ ኮምባይነሮች ተባሉ። ስም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር የአስተናጋጁን ሕግ እንደሚቀበል ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

ዓለም በቆጂን የሚያውቃት በሯጮችዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ2004 በአቴንስና በ2008 በቤጂንግ ያሸነፈው ቀነኒሳ በቀለ፣ እንዲሁም በቤጂንግ ሁለት ወርቅ ያገኘችው ጥሩነሽ ዲባባ የዚሁ ደጋ ልጆች ናቸው። የስም ትምህርት ከዚህም ምሳሌ ያገኛል። የውጭ ዜና አቅራቢዎች ደራርቱን «ቱሉ»፣ ቀነኒሳን «በቀለ» እያሉ መጥራታቸው በአውሮፓ ልማድ ሁለተኛው ስም የቤተሰብ ስም ስለሆነ ነው። በኢትዮጵያ ግን ሁለተኛው ስም የአባት የተጸውኦ ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። «ዲባባ» ተብሎ የተጠራው የሩጫውን ሜዳ ያልረገጠው አባት ነው። የበቆጂ ተማሪ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ቅጽ ሲሞላ «ሰርኔም» በሚለው ቦታ ላይ ምን እንደሚጽፍ ግራ የሚገባው በዚሁ ምክንያት ነው። መምህሩ ይህን ልዩነት በግልጽ ማስረዳት ይኖርበታል።

4. የማስተማሪያው ዘዴ መለዋወጥ

በመጀመሪያው ዘመን የስም ትምህርት የሚሰጠው በድንጋጌና በክፍፍል ነበር። ስም በአምስት ይከፈላል፤ ይኸውም የተጸውኦ፣ የወል፣ የጥቅል፣ የቁስና የረቂቅ ስም ነው። ይህ አምስትዮሽ ክፍፍል በብሪታንያ ግዛት ዘመን በሕንድ በእጅጉ ከተሠራጩት እንደ ኔስፊልድ ካሉ የሰዋስው መጻሕፍት የታወቀ ነው። ከሕንድ የመጡ መምህራን በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በብዛት ባገለገሉበት ዘመን ክፍፍሉ ለብዙ ተማሪዎች የተለመደ ነበር። የአማርኛም ትምህርት ቤት ሰዋስው ተመሳሳይ ክፍፍል ይዞ ስለነበር ተማሪው በሁለቱም ቋንቋ አንዱን ዝርዝር ያጠና ነበር። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የአማርኛ ሰዋስው» የሀገር ቋንቋን የሰዋስው ትምህርት በአዲስ ሥርዓት ካሰናዱት መጻሕፍት ዋነኛው ነው።

የዚህ ዘዴ ጥቅም ተማሪው ስለ ቋንቋ የሚነጋገርበትን ቃል ማግኘቱ ነው። ጉድለቱ ግን በክፍፍሉና በአጠቃቀሙ መካከል ድልድይ አለመኖሩ ነው። «ጎልድ» የቁስ ስም መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ በፊቱ «ኤ» እንደማይገባ ካላወቀ ክፍፍሉ ምንም አልጠቀመውም። ለእንግሊዝኛ ተጠቃሚ ዋናው ጥያቄ ስሙ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ነው፤ አምስቱ ክፍሎች ግን ይህን በቀጥታ አይመልሱም።

እ.ኤ.አ. በ1962 ከ270 በላይ የሆኑ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ለመጀመሪያ ጊዜ መጥተው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማር በጀመሩበት ዘመን፣ የዓረፍተ ነገርን ቅርጽ በቃል እየደጋገሙ ማለማመድ በዓለም ላይ ተስፋፍቶ ነበር። በዚህ ዘዴ ድንጋጌው ወደ ኋላ ተመለሰ። መምህሩ አንድ መጽሐፍ አንሥቶ ነጠላውን፣ ሁለት አንሥቶ ብዙውን ያሰማል፤ ተማሪዎቹም ተከትለው ይላሉ። ልምምዱ ምላስን ያፍታታል፤ ነገር ግን በክፍሉ ውስጥ ያለው ተማሪ በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ የሚናገርበት ዕድል ይጠባል። በማኅበር የተባለው ትክክል ሆኖ ሳለ በግል ደብተር ላይ የተጻፈው ስሕተት ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ሚኒስቴር የተካሄደው የአጠቃላይ ትምህርት ሥርዓት ግምገማዊ ጥናት የትምህርትን ጥራት ጉዳይ በሰፊው አንሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 ጆን ስቶዳርት ለትምህርት ሚኒስቴር ያቀረበው ዘገባም የተማሪዎቹ እንግሊዝኛ የሌላውን ትምህርት ሸክም ለመሸከም እንደማይበቃ አመልክቷል። ከዚያ ወዲህ የቋንቋውን አገልግሎት ማለትም መግባባትን የሚያስቀድመው ዘዴ ወደ መማሪያ መጻሕፍት ገባ። የስም ትምህርትም ገበያ፣ ቤተሰብና ጉዞ በመሳሰሉት አርእስት ውስጥ ተበታተነ። ይህ በበኩሉ ሌላ ክፍተት አስከተለ፤ መምህሩ ራሱ የስምን ሥርዓት አጠቃሎ ካላወቀ በየገጹ የተበታተነውን ነገር ለተማሪው ሊሰበስብለት አይችልም።

5. ሦስቱ ቋንቋዎች የሚለያዩበትና የሚገናኙበት

ሀ. ቁጥር። አማርኛ ብዙ ቁጥርን በቃሉ መጨረሻ ላይ በሚቀጠል ምልክት ያመለክታል፤ ፈረስ፣ ፈረሶች ይላል። አፋን ኦሮሞም እንዲሁ «ፈርዳ» የሚለውን «ፈርዴን» ያደርጋል። ነገር ግን በፊቱ ወይም በኋላው ቁጥር ካለ ምልክቱ አስገዳጅ አይደለም። አማርኛ «ሁለት ፈረስ» ሲል፣ አፋን ኦሮሞ «ፈርዳ ላማ» ይላል፤ ቁጥሩ ራሱ ብዛቱን ስለ ተናገረ መድገም አያስፈልግም። እንግሊዝኛ ግን ቁጥሩ እያለም ምልክቱን ይጠይቃል። ስለዚህ «ቱ ሆርስ» የሚለው ስሕተት ከስንፍና የመጣ ሳይሆን ተማሪው ሁለቱን ቋንቋዎቹን በትክክል ማወቁ ያመጣው ነው። መምህሩ ይህን ቢረዳ ተማሪውን ከመገሠጽ ይልቅ የልዩነቱን ምክንያት ያሳየዋል።

የድምፁም ነገር አለ። የእንግሊዝኛው የብዙ ቁጥር ምልክት በጽሕፈት አንድ ሲሆን በአነጋገር ሦስት ነው፤ «ቡክስ» ላይ «ስ»፣ «ዶግዝ» ላይ «ዝ»፣ «ሆርሲዝ» ላይ «ኢዝ» ይሆናል። በአፋን ኦሮሞ «ዝ» የሚለው ድምፅ ከውጭ በመጡ ቃላት ካልሆነ በቀር የለም፤ ቃልም በተደራረቡ ተነባቢዎች አይጨርስም። ስለዚህ የመጨረሻው ድምፅ ለጆሮም ለአንደበትም የተሰወረ ሊሆን ይችላል። ያልተሰማ ምልክት ደግሞ አይጻፍም።

ለ. የሚቆጠርና የማይቆጠር። በዚህ ረገድ የበቆጂ ገበያ ራሱ መማሪያ ነው። በአማርኛ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተር ሁሉም በአንድ መልክ ይጠራሉ። በእንግሊዝኛ ግን ገብስና ስንዴ፣ ማለትም «ባርሊ»ና «ዊት»፣ የማይቆጠሩ ሆነው ምልክት አይቀበሉም፤ ባቄላና አተር «ቢንዝ» እና «ፒዝ» ተብለው በብዙ ቁጥር ይነገራሉ። ድንችም አንድ ሲሆን «ፖቴቶ»፣ ብዙ ሲሆን «ፖቴቶዝ» ነው። ይህ ከፍሬው መጠን ብቻ የመጣ ሕግ ነው ብሎ ተማሪውን ማሳመን ያስቸግራል፤ ልማድ ስለሆነ በምሳሌ መያዝ አለበት።

የአተር ታሪክ ግን ለመምህሩ መልካም መሣሪያ ነው። በቀድሞው እንግሊዝኛ «ፒዝ» እንደ ገብስና ስንዴ የማይቆጠር ነጠላ ስም ነበር። ከጊዜ በኋላ ተናጋሪዎቹ በመጨረሻው ያለውን ድምፅ የብዙ ቁጥር ምልክት መስሏቸው ቈርጠው ስላስቀሩት «ፒ» የሚል አዲስ ነጠላ ተፈጠረ። የአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ በተቃራኒው «ቺፕስ» የሚለውን ብዙ ነጠላ አድርጎ «ቺፕሶች» ይላል። «ቺልድረን» የሚለውም ራሱ በታሪክ ሁለት የብዙ ቁጥር ምልክቶች የተደራረቡበት ቃል ነው። በአማርኛ «መጻሕፍት» በግዕዝ ሥርዓት ብዙ ሆኖ ሳለ «መጻሕፍቶች» የሚል እንደሚሰማ ሁሉ ማለት ነው። ተማሪው የሚሠራውን ዓይነት ስሕተት የቋንቋው ባለቤቶችም እንደ ሠሩትና ኋላም ሕግ እንደ ሆነ ሲያውቅ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

«ማን» የሚለው «ሜን»፣ «ፉት» የሚለው «ፊት» የሚሆንበትም የውስጥ ለውጥ ለኢትዮጵያ ተማሪ ጨርሶ እንግዳ አይደለም፤ ደብር ሲበዛ አድባር፣ ንጉሥ ሲበዛ ነገሥታት መባሉን የሚያውቅ ተማሪ ቃል ከውስጡ ተለውጦ እንደሚበዛ ያውቃልና።

ሐ. እውቅነት። አማርኛ የታወቀን ነገር በስሙ መጨረሻ ያመለክታል፤ ፈረስ ሲል ማንኛውንም፣ ፈረሱ ሲል የሚታወቀውን ነው። አፋን ኦሮሞም «ነማ» ሰው፣ «ነሚቻ» ሰውየው ይላል። እንግሊዝኛ ግን ምልክቱን ከስሙ ነጥሎ ከፊቱ ያቆማል፤ ያልታወቀውንም ነጠላ በ«ኤ» ወይም በ«አን» እንዲታወጅ ያስገድዳል። ስለዚህ የደቂቆቹን ትርጉም በቃል ከማስጠናት ይልቅ፣ በአማርኛ «ፈረስ ገዛ፤ ፈረሱ ጠፋበት» የሚለውን አረፍተ ነገር አስቀድሞ በመጀመሪያው ላይ «ኤ»፣ በሁለተኛው ላይ «ዘ» እንደሚገባ ማሳየት ይቀላል።

መ. ባለቤትነትና ቅደም ተከተል። አማርኛ «የአባት ቤት» ሲል ባለቤቱን ያስቀድማል። አፋን ኦሮሞ «መነ አባ» ሲል ቤቱን ያስቀድማል። እንግሊዝኛ ሁለቱንም መንገዶች ይዟል፤ «ፋዘርስ ሃውስ» የአማርኛውን፣ «ዘ ሃውስ ኦቭ ዘ ፋዘር» የአፋን ኦሮሞውን ቅደም ተከተል ይከተላል። ሁለቱን ቋንቋዎች የሚናገር የበቆጂ ተማሪ እንግዲህ አንዱን ብቻ ከሚናገረው ይልቅ ለዚህ ትምህርት የተዘጋጀ ነው። ቅጽልን በተመለከተ ግን እንግሊዝኛ ከአማርኛ ጋር ይሄዳል። አፋን ኦሮሞ ቅጽሉን ከስሙ በኋላ ስለሚያኖር «ሆርስ ቢግ» የሚል ተማሪ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ መታወቅ አለበት።

ሠ. ጾታ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ፀሐይ ወጣች ይባላል፤ ግዑዙም ነገር ጾታ አለው። እንግሊዝኛ ግዑዙን «ኢት» ብሎ ይለያል። በዚህ በኩል የእንግሊዝኛው ሥርዓት ቀላሉ ነው፤ የሚያስቸግረው ያለውን መተው ስለሆነ ልምምድ ይፈልጋል።

6. ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች እስከ መስጠት በደረሰበት ጊዜ አፋን ኦሮሞ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ የሚባለው የላቲን ፊደል አጻጻፍ ሥራ ላይ ሲውል፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ሲደነግግና እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ሲያደርግ፣ የበቆጂ ተማሪ ሁኔታ ከመሠረቱ ተለወጠ። በኦሮሚያ ትምህርት እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ እየተሰጠ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ የሚዞር ሆነ።

ለስም ትምህርት ይህ ለውጥ ሁለት ገጽ አለው። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው፣ ቀድሞ ተማሪው የተጸውኦ ስም በትልቅ ፊደል እንደሚጀምር የሚማረው ከእንግሊዝኛ ጋር ነበር። ዛሬ በቁቤ የጀመረው ልጅ የአባቱንና የከተማውን ስም በራሱ ቋንቋ በትልቅ ፊደል ይጽፋል፤ ይህ ትልቅ ርዳታ ነው። በሌላ በኩል የአንዳንድ ፊደላት ድምፅ በሁለቱ ቋንቋዎች ይለያያል። በቁቤ ሦስተኛው ፊደል «ጭ» ተብሎ ስለሚነበብ፣ ድመት የሚለው የእንግሊዝኛ ስም «ካት» መሆኑ ቀርቶ «ጫት» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ስምና ንባብ ተለያይተው ሊሰጡ አይገባም።

ዋናው መሰናክል ግን በ9ኛ ክፍል የሚገጥመው ነው። የሳይንስ መጽሐፍ የሚናገረው በረቂቅ ስሞች ነው። «ውኃው ተነነ» ከማለት ይልቅ «ትነት»፣ «ተክሉ አደገ» ከማለት ይልቅ «እድገት» ይላል። እንግሊዝኛውም ከግሱ «ኢቫፖሬሽን»ና «ግሮውዝ» የሚሉትን ስሞች ያወጣል። ግሱን የሚያውቅ ተማሪ ስሙን ላያውቀው ይችላል፤ ስሙን ባላወቀም ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ ይዘጋበታል። አፋን ኦሮሞ ከማደግ «ጉዲና» የሚል ስም እንደሚያወጣ ያስተዋለ ተማሪ ግን መንገዱን አግኝቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. የተጀመረው የመምህራን የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ሥልጠናም ሆነ በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተሠራጨው የቴሌቪዥን ትምህርት ተማሪው እነዚህን ስሞች ይዞ መምጣቱን መነሻ ያደርጉ ነበር። ሳይዝ የመጣው ተማሪ ግን ከስርጭቱ ፍጥነት ጋር ሊራመድ አልቻለም።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተመለከተው ታሪክ የሚያስረዳው የስም ትምህርት ከድንጋጌ ወደ ቃል ልምምድ፣ ከቃል ልምምድ ወደ መግባቢያነት ሲዘዋወር እያንዳንዱ ዘዴ የራሱን ጥቅም ይዞ መጥቶ የቀድሞውን ጥቅም ጥሎ መሄዱን ነው። በሁሉም ዘመን የተዘነጋው አንድ ነገር ቢኖር ተማሪው ወደ ክፍል ሲገባ የያዘው ዕውቀት ነው። የበቆጂ ልጅ ስለ ስም ምንም ሳያውቅ አይመጣም፤ በሁለት ቋንቋዎች ስምን ያበዛል፣ ያሳውቃል፣ ያዋርሳል።

ስለሆነም የሚከተሉት ጉዳዮች መምህራንና ዕቅድ አውጪዎች ሊያስቡባቸው የሚገቡ ናቸው። አንደኛ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ የአፋን ኦሮሞ፣ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ስም በንጽጽር ቢሰጥ መምህሩ የስሕተቱን ምንጭ ለይቶ ያርማል። ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋሰው» ስምን በትርጉሙ ብቻ ሳይሆን በቅርጹና በቦታው መለየት እንደሚገባ ያሳዩት መንገድ ለዚህ ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ ከአምስቱ ክፍሎች ይልቅ የሚቆጠርና የማይቆጠር የሚለው ልዩነት ከመጀመሪያው ጀምሮ ከአካባቢው ምርትና ዕቃ በተወሰዱ ምሳሌዎች ቢሰጥ ተማሪው በቀላሉ ይይዘዋል። ሦስተኛ፣ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህሩና የሳይንስ መምህሩ ተመካክረው ለ9ኛ ክፍል የሚያስፈልጉትን ረቂቅ ስሞች ከግሶቻቸው ጋር አጣምረው ቢያስተምሩ የቋንቋው ሽግግር ድንገተኛ አይሆንም።

የእነዚህ ወጪ ብዙ አይደለም፤ አዲስ ሕንፃም ሆነ አዲስ መሣሪያ አይጠይቁም። የሚጠይቁት መምህሩ በክፍሉ ውስጥ የሚነገሩትን ቋንቋዎች ሁሉ እንደ መማሪያ መሣሪያ እንዲቈጥራቸው ነው። ተማሪው የነገሮችን ስም በሦስት ቋንቋ በትክክል መጥራት ከቻለ፣ ከስሙ በስተጀርባ ያለው ዕውቀት ወደ እርሱ የሚመጣበት መንገድ ይከፈታል።